መሬት ሊነካ 6 ጫማ ሲቀረው፦ ኮክፒት ውስጥ ካፕቴኑን ማን ያርመዋል?

ሜይ 23 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ከስቶክሆልም የተነሳ ኤርባስ ኤ320 ፓሪስ ቻርልስ ደ ጎል ኤርፖርት ለማረፍ እየወረደ ነው። ውስጡ ከ170 በላይ መንገደኞች አሉ። ዝናብ ይዘንባል፣ መንደርደሪያው ከፊት አይታይም። ሁለቱ ፓይለቶች መሳሪያቸውን ያያሉ። መሳሪያው «ልክ ናችሁ» ይላል። ከፍታው ከርቀቱ ጋር ይሄዳል፣ አወራረዳቸውም የተስተካከለ ነው።

ግን ልክ አልነበሩም። አውሮፕላኑ መሳሪያው ከሚናገረው 280 ጫማ ያህል ዝቅ ብሏል። በሜትር ወደ 85 ነው። ፓይለቶቹ መንደርደሪያውን ስላላዩት ማረፉን ትተው ወደ ላይ ተመለሱ። ሊመለሱ ሲሉ፣ አውሮፕላኑ በጣም ዝቅ ባለባት ቅጽበት ከመሬት የነበረው ርቀት 6 ጫማ ብቻ ነበር። የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ማለት ነው! መንደርደሪያው ደግሞ ገና አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይቀረው ነበር።

ማንም ሰው አልተጎዳም። ሰው ስላልተጎዳም ወሬው ብዙ ሳይሰማ አለፈ። እኛ ግን ልናወራበት የፈለግነው ምክንያቱን ነው። ሞተር አልጠፋም፣ ክንፍ አልተሰበረም፣ ፓይለቶቹም አልተኙም። የተሳሳተው አንድ ቁጥር ነው። እሱም ውስጥ አንዲት ዲጂት።

አውሮፕላን ከፍታውን በምን ያውቃል?

ብዙዎቻችን «በጂፒኤስ» ብለን እናስባለን። ጂፒኤስ አለ፣ ነገር ግን አውሮፕላኖች ከፍታቸውን የሚነጋገሩበት ዋናው መሳሪያ አልቲሜትር ነው። አልቲሜትር የሚለካው የአየር ግፊትን ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ከቦሌ ተነስታችሁ እንጦጦ ስትወጡ ጆሯችሁ ጧ የሚለው ለዚሁ ነው። አንዳንድ ስማርት ስልኮች ውስጥም ይህንኑ ግፊት የምትለካ ትንሽ መሳሪያ አለች።

ችግሩ፣ የአየር ግፊት ከፍታ ስለተቀየረ ብቻ አይደለም የሚቀየረው። ዝናብ ሲመጣና ሲሄድ፣ አየሩ ሲለወጥ እሱም ይለወጣል። ስለዚህ ፓይለቱ ከማረፉ በፊት ለአልቲሜትሩ «ዛሬ እዚህ አካባቢ በባህር ጠለል ልክ ሲሰላ ግፊቱ ይህን ያህል ነው» ብሎ መንገር አለበት። ይህ ቁጥር በአቪዬሽን ቋንቋ ኪውኤንኤች ይባላል። ልክ ሆኖ ከተሞላ፣ ቦሌ መንደርደሪያ ላይ የቆመ አውሮፕላን አልቲሜትር ከ7,600 ጫማ በላይ ያሳያል። የኤርፖርቱ ከፍታ ከባህር ጠለል ያን ያህል ስለሆነ።

ቁጥሩ የሚለካው ሄክቶፓስካል በሚባል መለኪያ ነው። ወደ ባህር ጠለል በተጠጋ ቦታ አንዷ ሄክቶፓስካል ወደ 28 ጫማ ከፍታ ታህላለች። አሁን ወደ ፓሪስ እንመለስ። የዚያን ቀን ትክክለኛው ቁጥር 1001 ነበር። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ለፓይለቶቹ የሰጣቸው 1011 ነው። የ10 ልዩነት፣ እያንዳንዷ በ28 ስትባዛ 280 ጫማ። አለቀ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። በሬዲዮ የተነገረን ቁጥር ፓይለቱ መልሶ መድገም አለበት፤ ይህ ሕግ ነው። ተቆጣጣሪው የሚደገመውን ሰምቶ ስህተት ካለ ያርማል። እነዚህ ፓይለቶች «1011» ብለው በትክክል ደግመዋል። ሕጉ ተከብሯል! ግን ይህ ሕግ የሚይዘው የተሰማው ከተነገረው ሲለይ ነው። ከመነሻው የተነገረው ከተሳሳተ፣ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ስህተት እየተቀባበሉ «ልክ ነው» ይባባላሉ።

የባሰውን እንንገራችሁ። በዚያው አካባቢ ጊዜ ተቆጣጣሪው ለሌላ አውሮፕላንም ያንኑ 1011 ሰጠ። የዚያኛው ፓይለት ግን መልሶ የደገመው 1001 ብሎ ነው። ትክክለኛው ቁጥር አስቀድሞ በኤርፖርቱ የተቀዳ የአየር ሁኔታ መልዕክት ላይ ይገኝ ነበር። ያ ምላሽ ስህተቱን ለመያዝ ጥሩ ዕድል ነበር፤ ተቆጣጣሪው ግን ልዩነቱን ልብ አላለውም። ለፈረንሳይ ፓይለቶች ደግሞ በፈረንሳይኛ ሲነገራቸው ቁጥሩ 1001 ነበር። ፈረንሳይኛ የማይሰማ ሰው ይህን ሰምቶ «ቆይ፣ ለእኛ ሌላ ነው የተነገረን» ሊል አይችልም።

ሊጠብቋቸው የሚችሉ ሌሎች ነገሮችስ? አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያ አልጮኸም። ተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ ያለው ማንቂያ ጮኋል፤ ማስጠንቀቂያው ወደ ኮክፒት እስኪተላለፍ ግን ሴኮንዶች አለፉ። በመሬት ላይ በሚዘረጋ የሬዲዮ ጨረር ተመርተው ቢወርዱ ኖሮ የግፊቱ ቁጥር ቢሳሳትም ጨረሩ ወደ መንደርደሪያው ይመራቸው ነበር። ያን ቀን የያዙት የአቀራረብ ዓይነት ግን ቁመቱን በአልቲሜትሩ ላይ ብቻ የሚያሰላ ነበር።

ዞረው ሲመጡም አልቲሜትራቸው ላይ ያው 1011 ነው። በሁለተኛው ሙከራ ያዳናቸው ዓይናቸው ነው። መንደርደሪያው ጎን አራት መብራቶች አሉ፤ ዝቅ ካላችሁ ወደ ቀይ፣ ከፍ ካላችሁ ወደ ነጭ ያደላሉ። አሁን መንደርደሪያው ታያቸው፣ መብራቶቹም በጣም ዝቅ ማለታቸውን ነገሯቸው። አስተካክለው በሰላም አረፉ።

«ቱ» ወይስ «ቱ»?

ፓሪስ ላይ ስህተቱ ከተናጋሪው ነበር። አሁን ደግሞ በመሃል መንገድ ላይ የተበላሸ ቁጥር እንይ።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. የፍላይንግ ታይገር ድርጅት ጭነት ጫኝ ቦይንግ 747 ከሲንጋፖር ወደ ኩዋላ ላምፑር ይበራል። በረራ ቁጥሩ 66 ነው። አጭር መንገድ ነው። ተቆጣጣሪው ወደ 2,400 ጫማ እንዲወርዱ ሊነግራቸው ፈለገና በእንግሊዝኛ «ዲሴንድ ቱ ፎር ዚሮ ዚሮ» አላቸው። ሁለት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

እንግሊዝኛ ላይ «ሁለት» የሚለውም «ወደ» የሚለውም ቃል ድምፁ «ቱ» ነው። ካፕቴኑ የሰማው «ወደ አራት ዜሮ ዜሮ ውረዱ» የሚል ነው። እሺ ብሎ «ፎር ዚሮ ዚሮ» ሲል መለሰ። አራት መቶ ማለት ነው። ተቆጣጣሪው አላረመውም። አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው በፊት ያለ፣ ከባህር ጠለል 437 ጫማ የሚሆን ኮረብታ ላይ ተጋጨ። ውስጡ የነበሩት አራቱም ሰዎች ሞቱ።

የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያው ጮኾ ነበር። አልሰሙትም ማለት አይቻልም፣ ድምፁ ተቀድቷል። ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ «400 ተፈቅዶልናል» የሚል ነገር ስለነበረ ማንቂያው አላነቃቸውም። ከባድ መሣሪያ ጮኾ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሰምተው፣ አንዲት በስህተት የተሰማች ቃል አሸነፈች።

ዛሬ በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን አነጋገር እንዲህ ያለ ከፍታ ሲሰጥ «ሁለት ሺህ አራት መቶ ጫማ» ተብሎ ሺሁና መቶው ተለይቶ ይነገራል። ተራ የቃላት ማስተካከያ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ደረቅ የአነጋገር ሕጎች ከበስተጀርባቸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ኮረብታ አለ።

ሁለት ሰዎች፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ለብዙዎቻችሁ አዲስ ስም አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲበር የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ ዘመድ ለመቀበል ስንቴ ቆማችሁበታል። ከዚያ በስተሰሜን ምዕራብ ማውንት ዌዘር የሚባል ተራራ አለ።

ዲሴምበር 1 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. የቲደብልዩኤ በረራ 514 መጀመሪያ የሚሄደው ከተማው መሃል አጠገብ ወዳለው ኤርፖርት ነበር። ነፋሱ ስለበረታ ወደ ደለስ እንዲዞር ተደረገ። ገና ከኤርፖርቱ 44 የአየር ማይል ገደማ ርቀት ላይ ሳሉ ተቆጣጣሪው «ለአቀራረብ ተፈቅዶላችኋል» አላቸው።

ይህች አረፍተ ነገር ምን ማለት ናት? ለተቆጣጣሪው፦ «መንገዱ የእናንተ ነው፣ በካርታችሁ ላይ ያሉትን ዝቅተኛ ከፍታዎች እየጠበቃችሁ ውረዱ»። ለፓይለቶቹ፦ «ተቆጣጣሪው በራዳር እያየን ነው፣ ፈቅዷል፣ ስለዚህ ከታች የሚመታን ነገር የለም»። ሁለቱም የየራሳቸው ትርጉም ግልጽ ስለመሰላቸው ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ልብ የሚነካው፣ ካፕቴኑ ካርታውን አይቶ ነበር። ራውንድ ሂል የሚባለው ነጥብ ድረስ ከ3,400 ጫማ በታች መውረድ እንደማይገባ ካርታው ይላል፤ ይህን ጮክ ብሎ አንብቦታል። በኮክፒቱ ውስጥ ተነጋገሩበት። በመጨረሻ «ፈቅዶልን የለ» በሚል አስተሳሰብ ወደ 1,800 ጫማ መውረዳቸውን ቀጠሉ። ሬዲዮውን ከፍቶ «ይቅርታ፣ 1,800 መውረድ እንችላለን?» ብሎ መጠየቅ አምስት ሴኮንድ አይወስድም። አልተጠየቀም። አውሮፕላኑ 1,670 ጫማ ገደማ ላይ ተራራውን መታ። 92ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አለቁ።

ከዚህ ታሪክ እኛን በጣም ያስቆጨን ሌላ ነገር ነው። ከአደጋው ስድስት ሳምንት ገደማ በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያው አካባቢ፣ በዚያው ዓይነት አለመግባባት ተራራውን ለጥቂት ስቶት አልፏል። ዩናይትድ ለራሱ ፓይለቶች አስጠንቅቋል። መረጃው ግን ቲደብልዩኤ ጋ አልደረሰም። በ1976 እ.ኤ.አ. ናሳ የሚያስተዳድረው፣ ፓይለቶች ስማቸው ሳይገለጥ የራሳቸውን ስህተት የሚያሳውቁበት ሥርዓት የተጀመረው ከዚህ ትምህርት ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤትም ትልልቅ አውሮፕላኖች ሁሉ የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያ እንዲገጠምላቸው አስገደደ። የዚህ መሣሪያ ፈጣሪ ዶን ቤትማን የሚባል ካናዳዊ ተወላጅ መሐንዲስ ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው። ስሙን የሚያውቅ መንገደኛ ጥቂት ነው፣ ለመሣሪያው ዕዳ የሌለበት መንገደኛ ግን ያለ አይመስለንም።

ዝም የሚነቅዝበት ቦታ

«ዝም አይነቅዝም» እንላለን። አስተዳደጋችንም ያንኑ ነው የሚነግረን። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ስንቶቻችን ነን እጅ አውጥተን ያረምነው? ትልቅ ሰው ሲናገር መሃል መግባት ነውር ነው፤ አለቃ ሲሳሳት ደግሞ «እሱ ሳያውቀው አይቀርም» ብለን እንተዋለን። በኑሮ ውስጥ ይሄ ጨዋነት ነው። ኮክፒት ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል።

ኦገስት 6 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን ሲል በኛ አቆጣጠር፣ የኮሪያ አየር መንገድ ቦይንግ 747 በረራ 801 ጉዋም ደሴት ለማረፍ እየወረደ ነበር። 254 ሰዎች ይዟል። ዝናብ አለ። ካፕቴኑ እንቅልፍ እንደተጫጫነው ቀደም ብሎ ሲናገር የድምፅ መቅጃው ይዞታል።

ጉዋም ላይ አውሮፕላንን በትክክለኛው ዝንባሌ የሚያወርደው የሬዲዮ ጨረር ለጥገና ጠፍቶ ነበር። ይህ ለፓይለቶቹ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ ደረጃ እንደመውረድ፣ በየርቀቱ የተወሰነ ከፍታ እየጠበቁ መውረድ ነበረባቸው። ኮክፒት ውስጥ ግን «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚል ንግግር ተነሳ። አንዱ ይሠራል ይላል፣ አንዱ ለምን ይሠራል ብሎ ይገረማል፣ ረዳት አብራሪው መጠቀም አይቻልም ይላል። ጥያቄው ተነሳ፣ ተንጠለጠለ፣ ሳይዘጋ ቀረ። አውሮፕላኑ በዚህ መሃል መጠበቅ የነበረበትን ከፍታ እያለፈ ይወርዳል።

መሣሪያው በድምፅ «አምስት መቶ» አለ። ከመሬት 500 ጫማ ማለት ነው። የበረራ መሐንዲሱ ግር ብሎት ድምፅ አሰማ፤ መንደርደሪያው ገና ሩቅ ሆኖ ሳለ 500 ጫማ ከየት መጣ? ከዚያች ቅጽበት እስከ ግጭቱ 25 ሴኮንድ ገደማ ነበር። 25 ሴኮንድ ለአውሮፕላን ረጅም ጊዜ ነው። ረዳት አብራሪው «ማረፉን እንተው» ያለው 6 ሴኮንድ ገደማ ሲቀር ነው። ካፕቴኑም በመጨረሻ ወደ ላይ ለመመለስ ሞከረ፤ ኒሚትዝ ሂል የሚባለው ኮረብታ ግን ቀደማቸው። 228 ሰዎች ሞቱ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ረዳት አብራሪውና የበረራ መሐንዲሱ የካፕቴኑን አወራረድ በአግባቡ አለመከታተላቸውንና አለመሞገታቸውን ነው። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ «የኮሪያ ባህል» ተብሎ በዓለም ተወራ። እዚህ ላይ እኛ ትንሽ እንለያለን። ባህል ድርሻ አለው፣ አዎ። ግን ካፕቴኑ ደክሞ ነበር፤ ጨረሩ ጠፍቶ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎቹን ማስጠንቀቅ የነበረበት የራዳር ማንቂያም በአሜሪካኖቹ በራሳቸው እንዳይጮህ ተደርጎ ነበር። ደግሞስ የደለሶቹ ፓይለቶች አሜሪካውያን አልነበሩም እንዴ? ሰውን ዝም የሚያሰኘው አገሩ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ምን ተደረገ?

አሜሪካኖቹ ይህን በሽታ ራሳቸው ላይ ነው መጀመሪያ ያዩት። በ1970ዎቹ በተከታታይ ከደረሱ አደጋዎች በኋላ ናሳ በ1979 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎችን ሰበሰበ። የድምፅ ቅጂዎቹ የሚያሳዩት፣ ፓይለቶቹ አውሮፕላን ማብረር አቅቷቸው ሳይሆን እርስ በርስ መነጋገር አቅቷቸው እንደሆነ ነው። ዩናይትድ አየር መንገድ በ1981 እ.ኤ.አ. ለፓይለቶቹ የቡድን ሥራ ሥልጠና ጀመረ። ዛሬ ክሩ ሪሶርስ ማኔጅመንት፣ በአጭሩ ሲአርኤም ይባላል፤ በዓለም ላይ ያለ የአየር መንገድ ፓይለት ሁሉ ይወስደዋል።

ከሥልጠናው ውስጥ አንዱ ነገር ለማንም ይጠቅማል ብለን እናስባለን። ታናሽ የሆነ ሰው አለቃውን እንዴት ደረጃ በደረጃ ያርማል? መጀመሪያ ይጠይቃል፦ «ካፕቴን፣ አሁን ስንት ከፍታ ላይ መሆን አለብን?» መልስ ካጣ ያስጠነቅቃል፦ «ካፕቴን፣ ከሚገባው ዝቅ ብለናል።» አሁንም ዝም ከተባለ ይሞግታል፦ «ካፕቴን፣ በዚህ ከቀጠልን መሬት እንመታለን፣ ወደ ላይ ይመለሱ።» የመጨረሻው ደረጃ ላይ ልመና የለም፦ «አውሮፕላኑን ተረክቤያለሁ»፤ መሪውን ይይዛል። ጉዋም ላይ የታየው ከመጀመሪያው ደረጃ ወደ መጨረሻዎቹ የመሸጋገሪያ ጊዜው እንዴት እንደሚያልቅ ነው። ፍንጭ መስጠት መናገር አይደለም።

የሥራ ክፍፍሉም ተስተካክሏል። አንዱ ያበራል፣ ሌላው ይቆጣጠራል። የሚቆጣጠረው «ረዳት» ስለሆነ ሳይሆን ሥራው ስለሆነ ነው የሚናገረው፤ ካፕቴኑም ተራው ሲደርስ ቁጥጥሩን ይይዛል፣ ረዳቱ ያበራል። 1,000 ጫማ ላይ ሲደርሱ ፍጥነቱ፣ አወራረዱ፣ ጎማው ሁሉ የተስተካከለ መሆን አለበት። ካልሆነ ይመለሳሉ፤ ክርክር የለም።

ሌላው ደግሞ ወሬ ማቆም ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሻርሎት ከተማ በጭጋግ ሲወርድ የተከሰከሰ ዲሲ-9 ነበር። የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 212 ነው። ከ82 ሰዎች ከ70 በላይ ሞቱ። ፓይለቶቹ በዚያ ወሳኝ ሰዓት ስለ ፖለቲካና ስለ ያገለገሉ መኪኖች ሲያወሩ ነበር፤ ከፍታውን በየደረጃው እየጠሩ መሄድ ሲገባቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕግ ወጣ፦ ከ10,000 ጫማ በታች ከሥራ ውጪ የሆነ ወሬ ክልክል ነው። አሁን በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው። አውሮፕላን ሲወርድ ሆስተሶች ያለ ብርቱ ምክንያት ኮክፒቱን የማያናግሩት ለዚህ ነው።

የኛው ሰማይ ላይ

እስካሁን የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ነገርናችሁ። አዲስ አበባም የራሷ አላት። መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም. የብሪቲሽ ሜዲትራኒያን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ320 ከእስክንድርያ ተነስቶ ወደ ቦሌ እየመጣ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። በሁለተኛው ሙከራ፣ ደመና ውስጥ ሆኖ ከኤርፖርቱ በስተሰሜን ምሥራቅ 5 የአየር ማይል ገደማ ላይ ያለውን የተራራ ጫፍ በ56 ጫማ ብቻ ተሻግሮ አለፈ። 17 ሜትር ማለት ነው።

ይህኛው የመነጋገር ችግር አልነበረም። ስህተቱ መሬት ላይ ካለው የአቅጣጫ ማሳያ ሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ውሃ ገብቶበት የተሳሳተ አቅጣጫ ይሰጣል፣ መበላሸቱን ግን ለማንም አይናገርም። ፓይለቶቹ መሣሪያውን አምነው ነው ወደ ተራራው የተጠጉት። ግን ከፓሪሱ ጋር አስተያዩት። እዚያ የተሳሳተው ሰው ነው፣ እዚህ ማሽን። በሁለቱም ቦታ ኮክፒቱ የገባው መረጃ ከአንድ ምንጭ ብቻ መጥቶ፣ ከሌላ ምንጭ ጋር ሳይመሳከር ነው የታመነው። አዲስ አበባ ደግሞ እንደ ፓሪስ ሜዳ አይደለችም፤ ዙሪያዋ ተራራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ልንጠይቃችሁ ነው። አንዳንዴ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል፣ መሬቱን እያያችሁት፣ ድንገት ሞተሩ ያጓራና አፍንጫውን ወደ ላይ ይሰቅላል። ጎ አራውንድ ይባላል። ክረምት ላይ ቦሌ ጭጋግ ሲሆን ያጋጠማችሁ ትኖራላችሁ። ወዲያው ስልክ ይወጣል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ «ለጥቂት ተረፍን» ተብሎ ቲክቶክ ላይ ይጫናል፤ ከሥር ደግሞ «ፓይለቱ አቅቶት ነው» የሚል ኮመንት ይደረደራል። ብዙ ጊዜ የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ «አልተስተካከለም» ብሏል፣ ሌላው ሰምቶታል። ምናልባት ያለው ረዳቱ ነው፣ የሰማው ካፕቴኑ። ቀጣዩ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ከመጫናችሁ በፊት ይህን አስቡልን።

ፓይለት፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ወይም የካቢን ክሩ የሆናችሁ ተከታዮቻችን፣ ከጻፍነው ውስጥ የተሳሳተ ካያችሁ ኮመንት ላይ አርሙን። «ትልቅ ፔጅ ነው፣ ሳያውቁት አይቀሩም» ብላችሁ እንዳታልፉን።